አምስቱ ሕዋሳትና የዕለት ደስታ በታሪካችን

የታሪክ መጻሕፍትን ስንገልጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የነገሥታትን ዘውድ መጫን፣ የሠራዊትን መዝመት፣ የውልን መፈራረም፣ የድልንና የሽንፈትን ዜና ነው። ይህ ሁሉ መጻፉ ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የዘመተው ወታደር፣ የገበረው ገበሬ፣ ደብዳቤውን የጻፈውም ጸሐፊ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩን የታጠበበት ውሃ፣ ያሸተተው ጢስ፣ የቀመሰው ወጥ፣ የሰማው ዜማ ነበረ። የድል ቀን በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። በቀረው ዘመን ሁሉ ሰውን ለሥራ የሚያነሣውና ከሐዘን የሚያጽናናው ትንሹ የዕለት ደስታ ነው። ስለዚህ በዚች አጭር ጽሑፍ ለአንባቢያን ልናቀርብ ያሰብነው የዚህን የትንሽ ደስታ ታሪክ ነው፤ ይኸውም በአምስቱ ሕዋሳት በኩል ወደ ቤታችን እንዴት እንደ ገባ፣ ማን እንዳመጣልንና በምን እንደሚጠበቅ ነው።

ሕዋሳት አምስት ናቸው፤ እነርሱም ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ እነዚህን አምስቱን በየተራ መርምሯል። በአገራችንም አምስቱ ሕዋሳት የሚለው አነጋገር ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ተያይዞ የቆየ ነው። ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዐይንም ጆሮም አንደበትም ሊጾሙ እንደሚገባ ሊቃውንቱ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው የቀድሞ ሰዎች የሕዋሳትን ደስታ ሁሉ እንደ ኀጢአት ይቈጥሩት ነበር ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን በጥንቃቄ ስንመለከተው ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ በትንሣኤ ሌሊት የሚገድፍ ሰው ዶሮ ወጡን የሚቀምሰው ዘወትር ጠግቦ እንደሚበላው ሰው አይደለም። ጾሙ ጣዕምን አልገደለም፤ ስሎና አድሶ መለሰው እንጂ። እንግዲህ አባቶቻችን ሕዋሳትን የጠበቋቸው ስለ ናቋቸው ሳይሆን ዋጋቸውን ስላወቁ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከመዳሰስ እንጀምር። ዛሬ አዲስ አበባ የተባለችው ዋና ከተማችን የተቈረቈረችበትን ምክንያት ብንጠይቅ፣ ከጦርና ከአስተዳደር ምክንያት ሌላ አንድ የገላ ደስታ እናገኛለን። ንጉሥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ላይ ነበረ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሥፍራ ስለ ሆነ ለጠላት የማይመች ምሽግ ነው፤ ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ እንጨቱም እያለቀ የሄደበት ነበረ። ከተራራው ግርጌ በፊንፊኔ ሜዳ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ይህን ፍል ውሃ መኳንንቱ አላገኙትም። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ከእነርሱ አስቀድመው ያውቁትና ይጠቀሙበት ነበር፤ የፊንፊኔ ስምም ከምንጩ መፍለቅ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይነገራል። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ እየወረደ በፍል ውሃው መታጠብ ሲያዘወትር፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ሥፍራውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት ተሠራ። በሜዳው ላይ ባዩት አበባም ምክንያት አዲስ አበባ የሚለውን ስም እንዳወጡላት ይተረካል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሕዋሳት ተባብረዋል። ገላ ሙቀቱን ወደደ፤ ዐይን አበባውን ወደደ፤ ከተማም ተመሠረተች። ታላላቅ ነገር ሁሉ ከታላቅ ምክር ብቻ ይወለዳል ብለን የምናስብ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባናል። ደግሞም ልንረሳው የማይገባን፣ ለአንዱ ደስታ የሆነው መታጠቢያ ለሌላው አስቀድሞ የኖረበት አገሩና የከብቶቹ ውሃ ማጠጫ እንደ ነበረ ነው። ደስታን ሲጽፉ የማን ደስታ እንደ ሆነ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ማሽተት አለ። ዕጣን በአገራችን የቤተ መቅደስም የቤትም ሽታ ነው። ታሪኩም እጅግ የራቀ ነው። በግብፅ የነገሠችው ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ፑንት ወደ ተባለው አገር መርከቦች ልካ ነበር፤ ፑንትንም ሊቃውንት በቀይ ባሕር ደቡብ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያደርጉታል። መልእክተኞቹ ከጭነታቸው ጋር ሽቶ የሚሰጡ ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት አድርገው ሲያጓጉዙ በዴይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። ሰው ለወርቅ ባሕር ቢሻገር አያስደንቅም፤ ለመዓዛ ሲል ዛፍ ከነሥሩ በመርከብ ማጓጓዙ ግን ሽታ ለሰው ልጅ ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ያሳያል።

ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ በመተማ፣ በሑመራና በትግራይ ቈላዎች ይበቅላል። በበጋ ወራት ልጡ በስለት እየተላጠ ይደማል፤ የደማውም ሲደርቅ ዕጣን ሆኖ ይለቀማል። ዛፉን ያለ ዕረፍት ማቍሰል፣ የሰደድ እሳትና ችግኙን የሚበላው ከብት ተደምረው ዛሬ ይህን ሀብት አደጋ ላይ ጥለውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሳይንቲስቶች ጥናት እንደ ገለጸው፣ በብዙ ሥፍራ የቀሩት ያረጁ ዛፎች ብቻ ናቸው፤ የሚተካቸው ወጣት ዛፍ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት አልበቀለም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ከሐትሼፕሱት ዘመን ጀምሮ የኖረው መዓዛ በእኛ ዘመን ቢጠፋ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል ማለት ነው።

ስለ መቅመስ ስንናገር ከሁሉ አስቀድሞ ቡና ይታወሰናል። ብዙ ሰው የቡና አፈላል ሥርዐት በደጋው ክርስቲያን ቤት ሁሉ ከጥንት የኖረ ይመስለዋል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የቡና ተክል መገኛው የአገራችን ደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ በከፋም፣ በኦሮሞም፣ በሐረርም ሕዝብ ዘንድ ቡና ከጥንት የከበረ ነበር። ከኦሮሞዎች መካከል ፍሬውን በቅቤ አብስለው በበረከት ጸሎት የሚያቀርቡ አሉ፤ ይህንም ቡና ቀላ ይሉታል። በየመን የነበሩ ሱፊዎች በ15ኛው መቶ ዓመት ለሌሊት ጸሎት ይነቁበት ጀመር። በደጋው የነበሩት ክርስቲያኖች ግን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ብለው ለብዙ ዘመን ይርቁት ነበር። የሚያስገርመው ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ አስተዳዳሪ የነበረው ኻይር ቤግ እርሱም በበኩሉ ለሙስሊም አይገባም ብሎ ቡናን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን ከካይሮ በመጣ ትእዛዝ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። እንዲህ ሆኖ አንዲቱ ፍሬ በሁለቱም ወገን ተከሰሰች።

በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ነገሩ የተለወጠው በ1870ዎቹ ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ በቡና ላይ የነበራቸውን ጥርጥር ለማስወገድ ብዙ እንደ ደከሙ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ቡና በፍጥነት ተስፋፋ። እንግዲህ ዛሬ ሣር ጐዝጕዘን፣ ዕጣን አጢሰን፣ አቦል ቶና በረካ ብለን የምንጠጣው ቡና በብዙ የደጋ ክርስቲያን ቤት ዕድሜው ከአራትና ከአምስት ትውልድ አይበልጥም። ክርስቲያኑ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር አንድ ረከቦት ከብቦ እንዲቀመጥ ያደረገው ብዙ ክርክር አይደለም፤ አንድ መልካም ሽታ ነው። ሰው ያልቀመሰውን እንደሚፈራ፣ የቀመሰውን ግን ከባለቤቱ ጋር እንደሚወድድ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አናገኝም።

የበርበሬም ታሪክ ከዚህ ይመሳሰላል። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከኮሎምቦስ የ1492 (እ.ኤ.አ.) ጕዞ በፊት በእኛ ምድር አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበሩት እናቶቻችን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት በኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ በጥምዝና እነዚህን በመሰለ ቅመም መሆን አለበት። ቀይ ወጥ ያለ በርበሬ ሊታሰበን አይችልም፤ ነገር ግን አክሱምም ላሊበላም የተሠሩት በርበሬ ባልነበረበት ዘመን ነው። ሌላም አስደናቂ ነገር አለ፤ የበርበሬ ማቃጠል በትክክል ስንናገር ጣዕም አይደለም። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳስረዳው፣ በርበሬ ምላስን ሲነካ የሚነቃው ትኵስ ነገር ሲነካን የሚነቃው ያው የነርቭ ተቀባይ ነው። ስለዚህም ሥራ የመዳሰስን ምሥጢር ከመረመረው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. የ2021ን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ታዲያ አበው የቡና ስባቱ መፋጀቱ ሲሉ የሙቀትንና የጣዕምን መጋባት ላቦራቶሪ ሳይገቡ ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

መስማትን በተመለከተ የአገራችን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የከበረ ምሳሌ አለው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት ስልቶች ዜማን እንደ ደረሰ ይታመናል። ከዕለታት አንድ ቀን በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ንጉሡም አላወቀም፤ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ሕመሙን አልሰማም ተብሎ ይተረካል። ይህን ትረካ እንደ ተአምር የሚያነብበው ሰው ያንብበው፤ እኛ ግን ከዚህ ሌላ ትምህርትም እናገኝበታለን። ሁለቱ ሰዎች በዚያች ሰዓት በሙሉ ልባቸው በአንድ ነገር ላይ ነበሩ። ዛሬ ራዲዮኑን ከፍተን፣ ጋዜጣ ዘርግተን፣ ተንቀሳቃሽ ስልካችንን እየነካካን ዜማ ሰማን ብንል፣ ጆሯችን ክፍት ነበረ እንጂ አልሰማንም።

በገናም እንዲሁ ነው። ዐሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ የዳዊት በገና እየተባለ ይጠራል፤ ዳዊት ደርድሮለት የሳኦልን መንፈስ እንዳሳረፈ መጽሐፍ ቅዱስ ይናገራል። ከአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የተባለች ቍራጭ ቈዳ ድምፁን ታነዝረዋለች። በገና ለጭፈራ አይሆንም፤ ለብዙ ጉባኤም አልተሠራም። በተለይ በዐቢይ ጾም ሰው በቤቱ ተቀምጦ፣ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት እያሰበ፣ ነፍሱን የሚያጽናናበት ነው። ራስን መንከባከብ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ፣ ከሥራ በኋላ ለብቻው ተቀምጦ በገናውን የሚቃኘውን ሽማግሌ ያስብ።

ማየት የመጨረሻው ቢሆንም ታናሽ አይደለም። በጥምቀት ዕለት ነጭ ሸማ ለብሶ የወጣውን ሕዝብ፣ የጥለቱንም ኅብር የተመለከተ ሰው ዐይን የዓመቱን ድካም በአንድ ቀን እንደሚረሳ ያውቃል። ነገር ግን ያን ጥለት ማን ሠራው? ሸማኔው ነው። ቡናው የፈላበትን ጀበና ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪዋ ናት። የበገናውን ቈዳ ያለፋው ፋቂው ነው፤ የዕጣኑን ዛፍ የሚያቈስለውን ስለት የሚቀጠቅጠውም አንጥረኛው ነው። የአምስቱን ሕዋሳት ደስታ ወደ ቤታችን ያስገቡት እነዚህ እጆች ናቸው። ታሪካችን ግን በዚህ ነገር አያኰራንም፤ እነዚህኑ ሰዎች ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ እያልን ስንሰድብ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ስናርቃቸው ኖረናል። በሠሩት ጀበና እየጠጣን ከእነርሱ ጋር ግን አንጠጣም አልን።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ይህን ስድብ የሚቃወም ነበር። ሰው ሁሉ ከአንድ አባትና እናት የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ መልካም ነበረ፤ ልማዱ ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም፤ ዛሬም ቢሆን በአንዳንድ ሥፍራ ርዝራዡ አለ። ስለዚህ የሕዋሳት ደስታ የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ከምጣድ ሥር ስናሸት፣ ያን ቅጠልና እንጨት ከወገቧ ታጥፋ ያወረደችውን እናት ካላሰብናት፣ ደስታችን ጐደሎ ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ከተማይቱን ከእንጨት እጦት አድኗታል፤ ሸክሙ ግን ለብዙ ዘመን በሴቶች ጀርባ ላይ ወድቋል።

ሕዋሳት ምን ያህል የከበሩ እንደ ሆኑ የምናውቀው ደግሞ ሲጠፉ ነው። የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዓለም ሁሉ በዚህ በሽታ ከተያዙት ብዙዎቹ ማሽተትና መቅመስ አቃታቸው፤ አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ዳኑ፤ አንዳንዶቹ ግን ለብዙ ወራት ሳይመለስላቸው ቀረ። ሽታ የጠፋበት ሰው ምግቡ እንደ ገለባ ይሆንበታል፤ ጢስ ሲነሣ አያውቅም፤ የልጁን ራስ ሲስም ምንም አይሸተውም። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ1991 የሽታ ተቀባዮችን ዘሮች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2004 በኖቤል ሽልማት ሲከበሩ፣ ሳይንስ ይህን የተናቀ ሕዋስ ገና እየመረመረ ነበረ። ከዚያ ሕመም በኋላ ግን መርማሪ ያልሆነ ተራ ሰው እንኳ የአንድ ስኒ ቡና ሽታ ስጦታ እንደ ሆነ ተረዳ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ፣ በመዝገብና በጥቍር ሰሌዳ መካከል ለምንውለው፣ ምን ትምህርት ይገኛል? ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ደስታ ሀብት አይጠይቅም። ፍል ውሃ ባይኖር ማታ በሞቀ ውሃ እግርን መታጠብ አለ፤ በገና ባይኖር ጧት የወፍን ድምፅ መስማት አለ። የሚጠይቀው ጊዜንና ልብን ነው። ሁለተኛም ልክ ያስፈልገዋል። ጠጅ በብርሌ ሲሆን ደስታ ነው፤ በጋን ሲሆን ግን ምላስንም አእምሮንም ያደነዝዛል፤ ሕዋሱ ከደነዘዘም ደስታው ራሱ ይሸሻል። አባቶቻችን በጾምና በፍስክ መካከል ያደረጉት ልዩነት ይህን ለመጠበቅ የሚጠቅም ጥበብ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደስታን መካፈል ነው። ቡና ለብቻ አይጠጣም የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤት ግን ቡናውን የቈላችው፣ የወቀጠችው፣ ያፈላችውና የቀዳችው ሴት ሁሉ ከጠጣ በኋላ ነው የምትጠጣው፤ ስኒውንም የምታጥበው እርሷው ናት። ቢሮ ውስጥ ስለ እኩልነት የሚጽፍ ባለሥልጣን፣ በክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ክቡርነት የሚያስተምር መምህር፣ ይህንም የሚማር ተማሪ፣ ወደ ቤቱ ሲገባ ስኒውን ተነሥቶ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። በገበያም ጀበና ሲገዛ የሠራችውን ሴት ስሟን ጠይቆ ቢያመሰግን፣ በ1900 ዓ.ም. የታወጀውን አዋጅ እርሱ በበኩሉ ፈጸመ ማለት ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች የነገሥታትን ዘመን ይጻፉ፤ እንዲጽፉም እንወድዳለን። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ደኅንነት የሚታወቀው ድሀውም ሀብታሙም በቀኑ መካከል አንዲት ሰዓት አግኝቶ፣ ዐይኑ የሚያየውን፣ ጆሮው የሚሰማውን፣ ምላሱ የሚቀምሰውን በሰላም ለማመስገን ሲችል ነው። ይህች ሰዓት ለሁሉ እንድትዳረስ መሥራት የሁላችንም ግዴታ ነው፤ በእጃችን ያለችውን ሰዓት ግን ዛሬውኑ ልንጠቀምባት ይገባናል።